ነጋሪቱን ሁለት ሰው የማረከበት ሰርግ

ከዳባት እስከ ዛሪማ ያለው ሰው ሁሉ የጀግና ዘር ነው፤ እንዲህ ያደረገውም አዝማሪው ቻላቸው ነው። የመሰንቆው የፈረስ ጭራ በዘመነ መሳፍንት ከተሰለፈው ጦር ሁሉ የበለጠ ጠላት ጥሏል። ባለ ሰርጉ የቅድመ አያቱን ስም በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ ቻላቸው ያን ሰው ፈረስ ላይ አውጥቶ ወደ ጦር ሜዳ ይሰደዋል። በእሱ ዘፈን ታሞ የቀረ የለም። ዕድሜ ልኩን ድግር ሲጠርብ የኖረ ሰው እንኳ ሰባት ጋሻ ማርኳል።

ችግሩ ከስንኞቹ ሁሉ አንዷ በጣም አምራ መውጣቷ ነበር፦

ነጋሪቱን ማርኮ ሲወጣ ዳገቱን፣
ጠላት ቁሞ ቀረ ይዞ ጭንቅላቱን።

ይችን መጀመሪያ ለደባርቁ ለአያ ገሠሠ ቅድመ አያት ሰጣት። አያ ገሠሠ ሙክት ሸለሙት፤ ከዚያ ወዲህም ዳገት በወጡ ቁጥር ደረታቸውን መንፋት ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያችኑ ስንኝ ዳባት ላይ ለአያ ሰይፈ ሥላሴ ቅድመ አያት ደገማት። ዳባትና ደባርቅ በሚኒባስ ቅርብ ናቸው፤ ቻላቸው ግን በመካከላቸው ባሕር ያለ ይመስለው ነበር።

ባለፈው ጥር የአያ ገሠሠ የልጅ ልጅ ለአያ ሰይፈ ሥላሴ የልጅ ልጅ ተዳረች። ቻላቸው አብራው ከምትዘፍነው ባለቤቱ ከዘቢደር ጋር ዳሱ ውስጥ ሲገባ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አያ ገሠሠ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሱትም፤ የነጋሪቱን እንዲልላቸው አዘዙት።

አያ ሰይፈ ሥላሴ እጅ ነሡ። "አክብረውኛል፤ የእኛን ቤት ታሪክ ግን ከማን ሰሙት?"

"የማንን ቤት?" አሉ አያ ገሠሠ።

ሽማግሌዎቹ ከተነሡ ሰርጉ መፍረሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለቻላቸው መሰንቆ ዳሱን የሚከፍትለት ሰው አይገኝም፤ እሱ ደግሞ ከመሰንቆው ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ቻላቸው መሰንቆውን ቃኘ። የተቃኘውን ደግሞ እንደገና ቃኘ። ሁሉም ዓይኑን ተክሎበታል። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ አወረደው፦

ቅድመ አያቴ ሸሸ ነጋሪቱን ጥሎ፣
ሁለት ጀግና አነሣው ሸክሙን ተከፋፍሎ።

መጀመሪያ የሳቁት አያ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው። "ለካስ አንተ የሸሽተኛ ዘር ኖረሃል" አሉት፣ እንባቸውን እየጠረጉ። አያ ገሠሠም ነጋሪት ለአንድ ሰው እንደሚከብድ ድሮም ሲጠረጥሩ እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ በቀኝ በኩል የተሸከመው የማን ቅድመ አያት እንደሆነ እየተከራከሩ፣ አንድ ዋንጫ ጠላ እየተቀባበሉ አመሹ።

ከሰርጉ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ዘቢደር ከባሏ ጎን ተቀመጠች። ከባሏ ዘፈኖች ውጭ የቀረውን ብቸኛ እውነተኛ ታሪክ የምታውቅ እሷ ናት። የቻላቸው ቅድመ አያት አዝማሪ ነበሩ፤ ከጦሩ ፊት ፊት እየዘፈኑ ሄደው እዚያው ወደቁ። አዝማሪ የራሱን ቤት አያወድስም ብሎ ቻላቸው አንድም ቀን አልዘፈነላቸውም።

"እሳቸው እኮ አልሸሹም" አለችው።

"አውቃለሁ። ግን ይቅር ይሉኛል። አዝማሪ ነበሩ፤ ሰርግ ሲፈርስ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ።"

ዛሬ በየሰርጉ የሚጠየቀው ሸሽተኛው ነው። ሰው ሁሉ በጀግና ጠግቦ ኖሯል። ቻላቸውም ሳቁን እያየ ሩጫውን ያስረዝመዋል፤ ቅድመ አያቱ መጀመሪያ አንድ ወንዝ ብቻ ነበር የተሻገሩት፣ ጾም ሳይገባ ዛሪማ ደረሱ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ ተከዜን ሳይሻገሩ አይቀሩም። ዘቢደርም እየሳቀች ትቀበለዋለች። አንዳንድ ሞቅ ያለው ሰርገኛ ብድግ ብሎ መሰንቆውንም ጣለው እንዲል ግጥም ሲሰጠው ግን ቻላቸው ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። ቅድመ አያቱ የቱንም ያህል ቢሮጡ፣ መሰንቋቸውን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ነው።