የማይታለበው እንስሳ

ፊደል ቢያሳዩኝ የተበተነ ገብስ የሚመስለኝ ሴት፣ መጽሐፍ ሥራ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? የልጅ ልጆቼን "እኔም አንዴ መጽሐፍ አርሜያለሁ" ስላቸው ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ጥርስ ያለው ይሳቅ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቤታችን ሆሳዕና ጫፍ፣ ወደ ሌሞ መውጫው ላይ ነበር። ባሌ ጊቤ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰና ሞተ። ሰው መጣ፣ አለቀሰ፣ ሄደ። እኔ እንጃ፤ ላሟን አልባለሁ፣ ቆጮ እጋግራለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ። እጄ ይሠራል፣ ሌላው የለም። ልጄ ግን መብላት ተወች። ገና የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነው። ላጉርሳት ስል ፊቷን ታዞራለች፤ አንገቷ የጫጩት አንገት አከለ። ሴቶቹ "ይቺም አባቷን ልትከተል ነው" ሲሉ እሰማለሁ። ሰምቼ ላሟን ማለብ ነው።

ጓዳዋን የተከራየን አንድ ቀጫጫ አስተማሪ ነበር፣ ከአዲስ አበባ የተላከ። ለልጆች የሚያስቅ መጽሐፍ እጽፋለሁ ይላል። አንድ ምሽት ከብቱን አስገብተን እዚያው ቤት ውስጥ ያለውን ጋጣ እንደዘጋን ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ ያነብልን ጀመር። አንዲት ልጅ ቤት ውስጥ የምታሳድገው እንስሳ አለ። ድመት ያክላል፣ የጥጃ ጆሮ አለው፣ የዶሮ እግር አለው፣ ባስነጠሰ ቁጥር ቀለሙ ይቀየራል።

"ይታለባል?" አልኩት።

"አይታለብም፣ እትዬ።"

"ያርሳል?"

"ድመት የሚያክል ነገር ምን ያርሳል!"

"ታዲያ ለምን ይቀልቡታል?"

"ዝም ብሎ ይወደዳላ።"

"እንዴ፣ ይሄማ ባል ነው!"

ሊስቅ ብሎ ሐዘኔ ትዝ አለውና አፉን በእጁ ያዘ። እኔ ምንም አልመሰለኝም። ልጄ ግን ከጥጃው አጠገብ ሆና፣ "ምን ይበላል?" አለች።

አስተማሪው ወረቀቱን አየ። "ስኳር" አለ።

"እዚህ ስኳር ማን ያበላዋል?" አልኩት። "ቆጮ በለው። ደግሞ ልጅቷ ቀድማ ካልቀመሰችለት አይበላም በል።"

ጻፈው። እርማቴ እሱ ነው።

በማግስቱ ልጄ በትንሽ ጣባ ቆጮና አይብ አድርጋ ምሰሶው ሥር አስቀመጠች። ቀመሰች። "ብላ እንግዲህ" አለችው። አልበላም፤ ደግማ ቀመሰች። ስትቀምስ ስትቀምስ ግማሹ አለቀ። የቀረውን ዶሮዎቹ ጨረሱት። እንዲህ እያለች መብላት ጀመረች።

እኛ ደግሞ ያኔ ወንጌልን ከተቀበልን ገና ቅርብ ጊዜያችን ነው። ድሮ የኛ ሰው ምሰሶ ሥር ምግብ የሚያኖረው ለመንፈስ ነበር፤ ስናምን ያን ትተናል። ጎረቤቴ እሳት ልትጭር መጥታ ጣባውን አየችው። እሳቱንም ሳትጭር ወጣች። ስትመለስ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ አስከትላለች።

"ይሄ ለማን ነው፣ ልጄ?" አሏት ሽማግሌው።

"ለእንስሳው።"

"ለየትኛው እንስሳ?"

"ለማይታለበው።"

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። "ይነሳ ይሄ ጣባ!" አሉ። ልጄ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ጣባው ከተወሰደ ምግቡም መቅረቱ ነው፤ አውቃለሁ። አውቄም ቆሜ ማየት ብቻ። አስተማሪው ነው ወረቀቱን ይዞ ከጓዳ የሮጠው። እዚያው ቆሞ አነበበ። ማስነጠሱ ጋ ሲደርስ ሽማግሌው ጢማቸውን ያዙ።

"እና አይታለብም?"

"አይታለብም፣ አባባ።"

"አይ የከተማ ከብት!" ብለው ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ይብላ፣ ይብላ። ከምሰሶው ግን ይራቅ፤ ከጥጃው ጋር ይብላ።"

ሲወጡ በሩ ላይ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እንስሳው እዚያ የተኛ ይመስል እንዳይረግጡት ሆነው ተራመዱ። ልጄ ኪኪኪ አለች። ሁሉም ሳቀ። ጣባውን ጥጃው ጋ ወስዳ መብላቷን ቀጠለች።

ጎረቤቴ እሳቷን ጭራ ልትወጣ ስትል ዞር ብላ አየችኝ።

"ልጅቷስ በላች" አለች። "አንቺ ግን ባልሽን እስካሁን አላለቀስሽውም።"