የምጽዋው ቤት ፎቶ

ዛሬ ጠዋት አበራ የተባለ የሰፈሬ ሰው ወንድሜ የሞተበትን ቤት ፎቶ ቀደደብኝ፤ ግንባሬንም በድንጋይ ፈነከተኝ።

የደብረ ታቦሩ ፎቶ አንሺያችን፣ ወታደር የነበረው ሟች አባቱ በየሀገሩ ያነሣቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «አባቶቼ፣ እስኪ ቦታውን ለዩልኝ» አለን።

አበራ ምጽዋ ዘመትሁ እያለ ሲፎክር ዕድሜያችንን ሰምተነዋል። አንዱን አነሣና «ይኸማ ባሕር ዳር ነው፤ ጣና!» አለ።

«ምጽዋ ነው» አልሁት። «ይኸ የባሕሩ ዳር መንሸራሸሪያ ነው። ይኸ የእንጨት በረንዳ ያለው ፎቅ እኔና ወንድሜ ወደብ ስንሠራ የተከራየነው ነው። በጦርነቱ ቦምብ ሲያፈርሰው ወንድሜ ውስጥ ነበር። አንተ የት ነበርህ?»

ፎቶ አንሺው «ጋሽ አበራ፣ የዘመቱት በታንኳ ነው እንዴ?» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

አበራ ፎቶውን ነጥቆ ቦጫጨቀው። እኔም በዱላዬ ሁለት ጥርሱን አረገፍሁለት፤ አልክድም። ድሮም ይነቃነቁ ነበር። ደጅ ወጥቶ በድንጋይ መለሰልኝ።

የወንድሜ ሬሳ ከፍርስራሹ አልወጣም። መቃብሩ ያ ቤት ነው፤ የቤቱን ሌላ ፎቶ አላውቅም።

የድሮ ምጽዋ ፎቶ ያላችሁ እዚህ ለጥፉ፤ እያንዳንዱን ቤት እለይላችኋለሁ። ሽማግሌ ግን አትላኩብኝ። ስለ አበራ ከዛሬ ወዲያ አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም።