ከምግብ በኋላ

ይኼን የሚያምነኝ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ልናገረው። እንደ አክስቴ የሐኪም ትእዛዝ ያከበረ ሰው በቦረና ምድር አልተፈጠረም፤ ከኔ የነጠቃትም ያው ማክበሯ ነው። ወላሂ! መቼም ቀልደኛ ነኝ። ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ ያላሳቅሁት ሰው የለም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቁልኛል። ይኼን ሳወራም ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ።

በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ነው። ያሳደገችኝን አክስቴን ሳልና ትኩሳት ያዛት። ያኔ ጉልበቴ ለጉድ ነው፤ ተርቤም ከተማ ድረስ አዝዬ አንድ ክሊኒክ አደረስኳት። ድሬሰሩ ከትልቅ ቆርቆሮ ክኒን አውጥቶ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቀለለና፣

"እማማ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ። ያለ ምግብ እንዳይወስዱ!" ብሎ ቀጣዩን ጠራ።

የሚነበበው ሁሉ ቆርቆሮው ላይ ቀረ። ለምን ብሎ መጠየቅ? ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ይጠየቃል እንዴ! እንደሚቻልም የነገረን የለም።

ቤት ስንገባ ጎተራው ባዶ ነው። አክስቴ ክኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ምግብ ትጠብቅ ጀመር።

"እታለም፣ በውሃ ዋጪው" አልኳት።

"አንተ ደግሞ መቼ ድሬሰር ሆንክ? ያለ ምግብ አይነካም ብሎኛል። የንስሐ አባቴን ቀኖና አንድ ቀን አጓድዬ አላውቅ፣ የሐኪሙን ላጓድል?"

"እንግዲያው ይኼ ክኒን ባላባት ነው፤ ምሳ ካልቀረበለት አይገባም።"

ሳቋ ሳሉን ቀሰቀሰባት። "አንተ ልጅ፣ በሳቅ ልትገድለኝ ነው" አለች።

ጎረቤት እፍኝ ቆሎ ያመጣ ዕለት አማትባ፣ ደስ ብሏት አንዷን ትውጣለች። ቆሎ በሌለበት ቀን አትነካም። ቆሎ የሚባል ሳናይ በሰነበትንበት ሳምንት አረፈች።

ደርግ መጥቶ ዘማች ተማሪዎች አገራችን ሲገቡ፣ አንዷ የሕክምና ተማሪ ነበረች። የአክስቴን ቋጠሮ ፈትቼ የተረፈውን ክኒን አሳየኋትና ነገሩን ነገርኳት።

"ምግቡ እኮ ሆዳቸውን እንዳያቃጥላቸው ነው" አለችኝ። "ካጡ ይኼኛው በውሃም ይወሰድ ነበር። አልነገሯችሁም?"

ለቀልድ አፌን ከፈትኩ። በዕድሜዬ ቀልድ የጠፋኝ ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ቃል እኮ ነው የጎደለን፤ "ካጣችሁ በውሃ" የምትል።

ፊደል በራሴ የለየሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ፣ ያለ አስተማሪ። አሁን በገበያ ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ እቆማለሁ። አሮጊት ክኒን ይዘው ሲወጡ፣ "እማማ፣ ምግብ ባይኖርስ ብለው ጠይቀዋል?" እላለሁ። ካልጠየቁ እመልሳቸዋለሁ። ሐኪሞቹ "መጣ ደግሞ ይኼ ሰውዬ!" ይላሉ፤ ግን ይነግሯቸዋል።

አላመናችሁም? ሂዱና ዘበኛውን ጠይቁ። እሱ ከዋሸ፣ ተመልሰው የጠየቁትን አሮጊቶች ጠይቁ። እነሱ በሕይወት አሉ።