ቢጫው ጃኬት እኔ ጋ ነው

የዚያን ቀን አብረን የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ ጌታቸው፣ ትልቋ ልጃችን ቤቴልሔም፣ ትንሿ ሶስና እና የቤቴልሔም ውሻ ቡቺ ነን። በኋላ አንዲት የማናውቃቸው ሴትና ትልቅ ጥቁር ውሻቸው ተጨመሩ። ያለፈው ዓመት ነሐሴ ነው። ዛሬም ሶስና ገላዋን ስትታጠብ በሩ ላይ ቆሜ የውኃውን ድምፅ አዳምጣለሁ።

የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ነው። ቤቴልሔም ለሥራ በካናዳ ምሥራቅ ጫፍ ባሕር ላይ ወዳለችው ኖቫ ስኮሺያ ስለሄደች ልንጠይቃት ሄድን። በዕረፍት ቀኗ በባሕሩ ዳርቻ መንገድ በመኪና ይዛን ወጣች። እኔና ሶስና ከኋላ፣ ቡቺ መሃላችን። ውሻ እፈራለሁ፤ ውሻ በነካው ልብስም ቤተ ክርስቲያን አልሄድም። ስለዚህ ነጠላዬን በፌስታል አስሬ እግሬ ሥር አስቀመጥኩ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። በየመታጠፊያው "ቀስ በይ" እላለሁ፣ ቤቴልሔም "ማሚ፣ ሪላክስ" ትለኛለች። ጌታቸው ከፊት ሆኖ "መሪውን ለእናትሽ ልቀቂላት" እያለ ይስቅብኛል።

ከምሳ በኋላ አንድ ዳርቻ ላይ ቆምን። ከዳሩ ራቅ ብሎ ድንጋያማ ጉብታ አለ። ከጉብታው ማዶ "ሲል" የሚባሉት የባሕር እንስሳት ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ፊታቸው የውሻ ነው። እስከ ጉብታው ያለው አሸዋ ብቻ ስለሆነ በእግራችን ሄድን። ሶስና ዛጎልና ባሕር ያለሰለሰው የጠርሙስ ስባሪ ትለቅማለች። እንዳይቆርጣት እያንዳንዱን ቀድሜ እዳስሳለሁ።

እኛ የምናውቀው ውኃ የቶሮንቶ ሐይቅ ነው፤ ጠዋት ያየነው ቦታ ማታም አለ። ባሕር ሄዶ እንደሚመለስ አንዳችንም ልብ አላልንም። ቤቴልሔምም ለአገሩ ገና አዲስ ናት።

ዳር ላይ ቢጫ የዝናብ ጃኬት የለበሱ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ይሄዱ ነበር። ጥቁር ውሻቸው ወደ ጉብታው መጥታ ከቡቺ ጋር መሯሯጥ ጀመረች። ሌሎቹ እንስሳቱን ፎቶ ሲያነሱ እኔ ዓይኔን ከጥቁሯ ውሻ አልነቀልኩም። ድንገት ጨዋታውን ትታ ወደ ዳር ተመለሰች። ስትመጣ በአሸዋ ነበር የመጣችው። ስትመለስ ውኃው ሆዷ ደርሷል።

"ጌታቸው፣ ውኃው" አልኩ።

"የቱ ውኃ?" አለኝ ሳይዞር።

"የመጣንበት መንገድ ላይ ያለው።"

ሶስናን ትከሻው ላይ አወጣት። ቤቴልሔም ቡቺን አቀፈች። ውኃው ይቀዘቅዛል፣ ይገፋል። መሃል ላይ ከወገቤ አለፈና እግሬ አሸዋውን ለቀቀ። ዋና አልችልም። ጌታቸው ወደ እኔ ሊዞር ሲል ሶስና ትከሻው ላይ ተንገዳገደች።

"አትዙር፣ እሷን አውጣት" አልኩት።

ሴትዮዋ ከዳር ሆነው ውሻቸውን ሲጣሩ ሰማሁ። ውሻዋ ግን ወደ እኔ ዋኝታ መጥታ አጠገቤ ሆነች። የአንገቷን ማሰሪያ በሁለት እጄ ያዝኩ። አፏ ጉንጬን ይነካል። አልፈራኋትም ብል ውሸት ነው፤ ግን እየጎተተች ዳር እስክታደርሰኝ አልለቀቅኳትም።

ዳር ስንወጣ ሴትዮዋ ጃኬታቸውን አውልቀው አለበሱኝ። አልተቆጡንም። ቤቴልሔም እንደነገረችኝ፣ ውሻዋ ስላረጀች ሐኪሟ ዋና ከልክሏት እንደነበር ነው ያወሩት። ውሻዋ አሸዋው ላይ ተኝታ በኃይል ትተነፍስ ነበር። እኛ ሶስናን ልናሞቅ ወደ መኪናው ሮጥን። ስንመለስ ሁለቱም የሉም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅንም።

ቤቴልሔም ከዚያ በኋላ እየተመላለሰች ብትፈልጋቸውም አላገኘቻቸውም። ጃኬቱን አጥቤ ከነጠላዬ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ኪሱ ውስጥ የውሻ ብስኩት ነበር፤ አልጣልኩትም። ውሻ አሁንም እፈራለሁ። ሰፈራችን ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ጥቁር ውሻ ስትመጣ ግን መንገድ አልሻገርም። ቆሜ ፊቷን አያለሁ።

በኖቫ ስኮሺያ ባሕር ዳርቻ የምትኖሩ ወገኖች፣ አፏ አካባቢ የሸበተች ትልቅ ጥቁር ውሻ ይዘው የሚሄዱ አሮጊት ካያችሁ ጃኬታቸው ቶሮንቶ እንዳለ ንገሩልኝ። ውሻዋ ያን ቀን ወደ ቤቷ በእግሯ ሄዳ እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉልኝ።