በዓይን እንጂ በእጅ አይታይም

ዛሬ ሳይንስ ሙዚየም ውስጥ በገዛ የልጅ ልጄ ቀናሁ። ልጆች እንዲነኩት የተቀመጠውን ማግኔት አንስታ ሚስማሮች ለቃቀመችበትና አዛጋች። «አያቴ፣ ራበኝ» አለችኝ።

በሃምሳዎቹ ወላይታ ሶዶ ስንማር ክፍላችን የነበረው አንድ ማግኔት ነው። መምህራችን «በዓይን እንጂ በእጅ አይታይም» ይሉና አንደኛ የወጣውን ብቻ ያስነኩ ነበር። አንደኛ የሚወጣው ሁልጊዜ ላሊሶ ነው። ሁለተኛው እኔ።

ላሊሶ ማግኔቱን ነክቶ ጨርቅ ነጋዴ ሆነ። እኔ በቅናት ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ።

ከሙዚየሙ ደወልኩለት። «ያን ማግኔት ታስታውሰዋለህ?»

«የምን ማግኔት? ሁለተኛ ትወጣ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።»

ሙዚየም ልጆችን ሳይንስ ያስወድዳል ወይ ለምትሉ፦ ማስነካቱን እንጃ፣ መከልከሉ ግን በእኔ ላይ ሠርቷል።

እናንተስ፣ በሰው እጅ አይታችሁት እስካሁን የሚያንገበግባችሁ ምንድን ነው?