ቡላ ብለን የደበቅነው ቡችላ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አንደኛዋ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ዘግታ፣ ደረቷ ላይ ያበጠ ነገር በሁለት እጇ ደግፋለች። ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ከጃኬቱ ውስጥ ቀጭን የቡችላ ድምፅ ተሰማ። ልጅቷ ደንግጣ ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ ጓደኛዋም ተከተለቻት። ሾፌሩ ልብ አላለም። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ውጭ ዞርኩ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየልኝም።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ቤታችን ከከተማ ውጭ፣ ሀቢቾ አካባቢ ስለነበር፣ ሆሳዕና ውስጥ ከታደለች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። ታደለች የሀደሮ ልጅ ናት። እሷ አፏን የፈታችው በከምባትኛ፣ እኔ በሀዲይኛ፤ ስለዚህ ስንስቅም ስንጣላም በአማርኛ ነው። ከቤቷ ስንቅ ዝንጅብል ስለማይጠፋ ደብተራችንም ብርድ ልብሳችንም ዝንጅብል ዝንጅብል ይል ነበር።

አከራያችን እትዬ ብርቅነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ መቁጠሪያ ከእጃቸው የማይለይ የካቶሊክ እናት ነበሩ። ብናመሽም፣ ሬዲዮ ብንከፍትም አይቆጡም። ስንገባ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገሩን፤ እንስሳ የሚባል ወደዚያ ግቢ አይገባም። ዶሮ እንኳ አልነበራቸውም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም። በዚያ ዕድሜ ትልቅ ሰው ሲከለክል ምክንያት ያለው አይመስልም፤ ዝም ብሎ የሚከለክል ነው የሚመስለው።

በልግ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ቀይ ጭቃ። ታደለች ቤተሰቦቿን ጠይቃ ስትመለስ ዘንቢሏን ከወትሮው ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ከላይ የተሸፈነበትን የእንሰት ቅጠል ስገልጠው፣ ከዝንጅብሉ መሃል አንድ ነጭ ቡችላ ቀና ብሎ አየኝ። እናቱን መኪና ገጭቷት መንገድ ዳር ሲያለቅስ ነው ያገኘችው። እስኪጠነክር ብቻ ነው አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። ነጭነቱን አይተን ስሙን ቡላ አልነው፤ ከእንሰት እንደሚገኘው፣ ገንፎ እንደሚሆነው ዱቄት።

ከአልጋችን ሥር ካርቶን ውስጥ አኖርነው። ሲያላዝን መዝሙር እናነሳለን። እትዬ ብርቅነሽም ለጎረቤት፣ እነዚህ ልጆች ፈተና ከብዷቸው መሰለኝ፣ መዝሙር አበዙ ብለው አዘኑልን። አንድ ቀን ጠዋት ግን በር ላይ አስቆሙን። ቅር ብሏቸዋል። በጭቃው ግድግዳ በኩል «ቡላ የት ገባ?»፣ «ቡላን ሸፍኚው» ስንባባል ሰምተው ኖሯል፤ ከቤት የመጣልንን ቡላ ደብቀናቸው የምንበላ መስሏቸዋል።

«እኔ ሳላቀምሳችሁ የበላሁት ነገር አለ?» አሉን።

ምን እንበል? እናቴ ዘንድ ልኬ ቡላ አስመጣሁና ቅቤው የሚንሳፈፍበት ገንፎ ሠርተን አቀረብንላቸው። እየመረቁን በሉ። ክፍላችን ገብተን ትራስ ነክሰን ሳቅን። አልጋው ሥር ያለው ቡላም ጅራቱን ካርቶኑ ላይ ይደልቅ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቡላ ግቢው መሃል ይቦርቃል። በበሩ ሥር ያለውን አፈር ቆፍሮ ነው የወጣው። እትዬ ብርቅነሽ የማዕድ ቤቱን ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ታደለች ሮጣ ቡችላውን አነሳችው። እኔ ስድቡን፣ ዕቃችሁን አውጡ መባሉን ጠበቅሁ።

«እጃችሁን አሳዩኝ» አሉ።

እጅጌያችንን ሰብስበው ጣታችንን አንድ በአንድ አገላበጡ። የእኔ አንጓ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከቀናት በፊት ስንጫወት ቡላ ነክሶኝ ነበር፤ ቁስሉ ቅርፊት ይዟል፤ እኔም ረስቼዋለሁ። ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። ከዚያ አማርኛውን ትተው በሀዲይኛ ተናገሩ።

ጳውሎስ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። የጎረቤት ቡችላ ነከሰው። እናቴ ትቆጣኛለች ብሎ ቁስሉን ደበቀ። ቁስሉም ድኖ፣ ነገሩም ተረስቶ ከቆየ በኋላ ልጁ ውሃ መዋጥ አቃተው። ሐኪም ቤት ሲወስዱት ረፍዷል ተባሉ። ከዚህ ወዲያ ያለውን አልነገሩኝም። ቋንቋውን የማትሰማው ታደለች ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። በአማርኛ ነገርኳት።

አንጓዬን እስኪለበልበኝ ድረስ በሳሙና አጠቡት። ነጠላቸውን በቅጡ ሳይለብሱ፣ በዝናብ እየጎተቱ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የጤና ባለሙያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እዚህ የለም፣ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን አለ። እስከዚያ ግን ውሻው እንዳይገደል፣ ለሰው እንዳይሰጥ፣ ታስሮ ይታይ። እስከ አሥር ቀን ካልታመመ ልጅቷም ደህና ናት።

እንዲህ ሆኖ፣ ከግቢያቸው ሊያስወጡት የሚፈልጉትን እንስሳ እትዬ ብርቅነሽ ራሳቸው ይጠብቁት ጀመር።

ጓሮ እንሰቱ አጠገብ ታሰረ። እኔ ትምህርት የሚባል አልገባኝ አለ። ውሃ በጠጣሁ ቁጥር ጉሮሮዬን አዳምጣለሁ። ታደለች ምነው እኔን በነከሰኝ እያለች ታለቅሳለች። እትዬ ብርቅነሽ ጠዋት ጠዋት በርጩማቸውን ራቅ አድርገው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ጎድጓዳ ሳህኑን በረጅም እንጨት ይገፉለታል። ሲጠጣ ወደ መስኮታችን መጥተው «ጠጣ» ይሉኛል። ተመልሰው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ቡላ ተኝቶ፣ ምግቡንም ውሃውንም ሳይነካ ዋለ። እሳቸውም ከበርጩማው አልተነሱም። እሳት አልተያያዘም። እኔ በራችን ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ቡችላ እስኪነሳ እጠብቃለሁ። ማድረግ የምችለው ይኸው ብቻ ነበር።  አመሻሹ ላይ ተነሳ፤ ራሱን አራገፈና ውሃውን ላፍ ላፍ አድርጎ ጠጣ። ኋላ ስናጣራ ታደለች አዝናለት ስንቋን፣ ያን ሁሉ አይብ፣ ደብቃ አብልታው ኖሮ ሆዱ ከብዶት ነው። ያን ቀን ልንስቅ አልቻልንም።

ክትባቱ ሳይደርስ ቀኑ ሲሞላ የጤና ባለሙያው ግቢ ድረስ መጥቶ ቡላን አየውና ጤነኛ ነው አለ። ታደለች ጮኻ አቀፈችኝ። እትዬ ብርቅነሽ አንጓዬን አንስተው ጠባሳው ላይ ሳሙኝ።

«አሁን ይሂድ» አሉ።

ይቆይልን ለማለት አልደፈርንም። ታደለች ሀደሮ አባቷ ዘንድ ልትወስደው ይዛው ወጣች። መኪና መነሻው ድረስ ሸኝቻት ስመለስ የእትዬ ብርቅነሽ በር ከውስጥ ተዘግቷል። ሁለቴ አንኳኳሁ። ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። የምላቸው ነገር ስላልነበረኝ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

እትዬ ብርቅነሽ ካረፉ ቆየ። ቦታው ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል። እኔም አስተማሪ ሆኜ፣ ልጆች ወልጄ፣ በየትኩሳታቸው አልጋቸው አጠገብ ነግቶልኛል። ያኔ ያልገባኝ ቀስ በቀስ የገባኝ በዚያ ነው። ቡችላው ደህና በዋለ ቁጥር እኔ ወደ ሕይወቴ እየተመለስኩ ነበር። እሳቸው ግን ለእኔ ደስ እያላቸው፣ ለልጃቸው ያልተሰጠውን ጊዜ ነበር ቁጭ ብለው የሚያዩት። አሁን ቢሆን ምን እላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። ዛሬም ቃል የለኝም። ብቻ አንኳኩቼ አልሄድም ነበር፤ ደጃቸው ላይ እስኪከፍቱ ድረስ እቀመጥ ነበር።