ከሚስማሩ ሚዛን በላይ

አዳማ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ ያለውን የአቶ ሐዲስን የሕንጻ መሣሪያ መደብር ያውቀዋል። አቶ ሐዲስ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው ግን ዛሬም «ሐዲስ ጋ ሂድ» ነው የሚለው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሰው የሚሄደው አሰለፈች ጋ ነበር። በሩ አጠገብ፣ ከሚስማር ሚዛኑ ኋላ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ከአዳማ ነፋስና አቧራ ጋር ነጠላዋን ስትጓተት የኖረች ሴት ናት።

ከሁሩታ የመጣችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። የአቶ ሐዲስ ሚስት ታመው የምታግዝ ዘመድ ተፈለገችና እሷ ተላከች። ሴትዮዋ አልዳኑም፤ ልዑልሰገድ የሚባል ሕፃን ትተው ሞቱ። አሰለፈች ልጁን አዝላ፣ ሲያለቅስ ሚዛኑ ላይ እያስቀመጠች «ዛሬ ስንት ኪሎ ሆንክ የኔ ጌታ?» እያለች አሳደገችው። የራሷን አልወለደችም፤ አላገባችምም። «ባል መጥቶልሽ ነበር አሉ» ሲሏት፣ «መጥቶ ነበር፤ ያን ቀን ልጁ ትኩሳት ነበረበት» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም።

ገዷም ቀና ነው ይባልላታል። ነጋዴ መቼም በገድ ያምናል፤ የማያምነውም ቢሆን እስቲ ልሞክረው ብሎ አይደፍርም። አዲስ ዕቃ ሲገባ የመጀመሪያውን ካርቶን የምትከፍተው እሷ፣ ጠዋት በሩን የምትከፍተው እሷ። አቶ ሐዲስ ሊሞቱ ሲሉ ቁልፉን ለልጃቸው ሳይሆን ለሷ ሰጥተው «ልጁንም ቤቱንም አደራ» አሏት። ለሷ አደራ ቀልድ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰው የልቡን የሚነግራት ሴት ነበረች። ሚስቱ ያኮረፈችው፣ እኅቱን የሚድረው፣ ከአከራዩ ጋር የተጣላው፣ ሠራተኛው ሁሉ ሚስማር የሚመዝን መስሎ ይመጣና ያዋያታል። እሷም ሰምታ ትውጠዋለች። ከአሰለፈች አፍ ወሬ ወጣ ተብሎ አያውቅም። ሀብቷም ክብሯም ይኸው ነበር፤ ኧረ ሌላ ምን አላት!

ልዑልሰገድ መደብሩን ከያዘ በኋላ አንድ ቀን ካሜራ ላስገጥም ነው አለ። ሠራተኛው አጉረመረመ። ከሁሉ ይልቅ የተቆጣው መርዳሳ ነበር፤ ቆርቆሮ የሚሸጥ የሁሩታ ልጅ ነው፤ ባገር ልጅነት ይወዳታል፣ በየጠዋቱ በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ፣ አዴ?» ብሎ እንደ እናቱ እንዴት አደሩ ሳይላት ሥራ አይጀምርም። «ሌባ ነን እንዴ እኛ?» አለ። አሰለፈችም ለሠራተኛው ተቆርቁራ ወደ ቢሮ ገባች።

ካሜራ ገጣሚው ኪሩ መሬት ተንበርክኮ የካሜራውን መቅጃ ከዋይፋዩ ሳጥን ጋር ሊያገናኝ ሽቦ እየለካ ነበር።

«ይኼ ነገር ወዴት ነው የሚልከው?» አለችው።

«የትም አይልክም፣ እትዬ። ከዚህ ግቢ አይወጣም፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። የመደብሩን ዋይፋይ የያዘና የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ስልክ ብቻ ያየዋል።»

«ማየቱንስ ይይ። ይሰማል ወይ?»

ኪሩ አፉን ሊከፍት ሲል ልዑልሰገድ ቀደመው። «ኧረ እትዬ! ዓይን ብቻ ነው። ጆሮ ከየት ይመጣል?» ኪሩ ቀና ብሎ አየውና ሽቦውን መጠቅለሉን ቀጠለ። ያን ጊዜ ልብ አላለችውም።

ልዑልሰገድ የሽቦውን ጫፍ አንስቶ በእጇ አስያዛት። «በይ፣ ገድሽ ቀና ነው፤ አንቺ ሰኪው።» ደስ አላት፤ እንዴት ደስ አይላት? ሳጥኑ ውስጥ ሰካችው፣ ቀጭ አለ፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች። ልጁ ግንባሯን ሳማት።

ወጥታም ለሠራተኞቹ ማለችላቸው። «የሚያይ እንጂ የሚሰማ አይደለም። ልጄ እኔን አይዋሸኝም፤ በኔ ይሁንባችሁ!» በሷ ከሆነማ ማን ይከራከራል? ጉርምርምታው በዚያው ቆመ። አንደኛው ካሜራ መጋዘኑ ላይ፣ አንደኛው ከሚዛኑ በላይ ተሰቀለ። ሚስማር ይሰረቃል ተብሎ ነው። ሚስማር!

ጾሙ ከገባ በኋላ መርዳሳ እንደ ልማዱ ሚዛኑን ተደግፎ አዋያት።

«አዴ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ከወንድሜ ጋር ሁሩታ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ ልንከፍት ነው። ከፋሲካ በኋላ እለቃለሁ። ለልዑልሰገድ እንዴት ብዬ ልንገረው?»

«እሰይ የኔ ልጅ! እሱን ለኔ ተወው። ደስ ያለው ቀን አይቼ እኔው እነግረዋለሁ፤ ዕቃውንም ከኛው ትወስዳለህ። እስከዚያ ከኔ አይወጣም።»

እውነትም አልወጣም። ለእግዜር እንኳ በጸሎቷ የመርዳሳን ስም አንስታ ጉዳዩን ዘለለችው።

በሳምንቱ ልዑልሰገድ ከቢሮው ወጥቶ ደንበኛ በሞላበት መርዳሳን ጠራው። «ሁሩታ ሱቅ ከፍተህ ደንበኞቼን ልትወስድብኝ አይደል? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ሥራ የለህም» አለው። መርዳሳ ዞሮ አሰለፈችን አያት። ሌላ ማንንም አላየም። ጃኬቱን አንስቶ በአጠገቧ ሲያልፍ «መርዳሳ!» አለችው፤ አልቆመላትም። ሠራተኞቹም እሷን እያዩ ነበር።

ደሟ ፈልቶ ቢሮ ገባች። «ማን ነገረህ? ይኼን የሚያውቅ እኔና እሱ ነን፤ እኔ አልነገርኩህም!»

ልጁ አላፈረም፤ የገረመኝ እሱ ነው። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «እኔ ዝም ብዬ ሰው አላባርርም፣ እትዬ። ስሚ።» ከስልኩ የመርዳሳ ድምፅ ወጣ፦ «አዴ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ...» ከዚያ የራሷ ድምፅ ተከተለ፦ «እስከዚያ ከኔ አይወጣም።»

ዓይኗን ከስልኩ ወደ ልጁ አነሣች።

«አይሰማም ብለኸኝ ነበር።»

«ብነግርሽማ ትነግሪያቸዋለሻ!»

«ታዲያ መጋዘኑ አይበቃህም ነበር? ምነው እኔ ራስ ላይ ሰቀልከው?»

«ሰው የሚያወራው አንቺ ጋ ነዋ» አለ፤ የቆርቆሮ ዋጋ የሚናገር ነበር የሚመስለው። «ለኔ ማን ምን ይነግረኛል? አንቺን ግን ሁሉም ያምንሻል።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ፈረስስ ደግ ነው፤ ጥሎ ይሮጣል እንጂ ለምን እንደጣለህ ቁጭ ብሎ አያስረዳህም። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመችውን እምነት ልጁ አንስቶ ወጥመድ ሠርቶበታል፤ ሽቦውን የሰካችውም በገዛ እጇ ነው። ሚስማሩን ሳይሆን እሷን ነበር የሚቀዳው። አሰለፈች እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ ልጁ ሶፍት አቀበላት።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዛ መርዳሳ የተከራየበት ግቢ ሄደች። ዕቃውን እያሰረ ነበር። የሆነውን ሁሉ፣ ስልኩን፣ ድምፁን፣ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ገመዱን እያጠበቀ ሰማት።

«ካሜራው አይሰማም ያሉን እርስዎ ነዎት» አለ። «በኔ ይሁንባችሁ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ተዋሽቼ ነው፣ ልጄ! በአባቴ አጥንት!»

«ይሁን። ደህና ይዋሉ፣ እትዬ አሰለፈች።»

አዴ አላላትም። በኦሮምኛም አልተሰናበታት። እንደ ማንም ደንበኛ በአማርኛ «ደህና ይዋሉ» አላት። ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ስድብ ለዘመድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮዋ መደብሩን ከፈተች። ሠራተኞቹ ገቡ፤ እሷ ስትጠጋ የጀመሩትን ወሬ አቋርጠው ተበተኑ። ልዑልሰገድም ገብቶ ቢሮው ተቀመጠ። ሚዛኑ ጋ የመጣ ሰው አልነበረም። እሷም በርጩማዋ ላይ ሳትቀመጥ ከካሜራው ሥር ቆመች።

«ኑ፣ ሁላችሁም» አለች። «ይኼ ነገር ይሰማል። ሲሰማችሁ ነው የከረመው። መርዳሳን ያስባረረው ይኼ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

ያመኗት፣ ያላመኗት፣ ከፊታቸው መለየት አልቻለችም። ከዚያ ቀና ብላ ለካሜራው ተናገረች።

«ልዑልሰገድ፣ እየሰማኸኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አልቆጣህም። ውጣና ለነዚህ ሰዎች ‹እትዬ አላወቀችም› በላቸው። ይኼን ብቻ። አዝዬ ያሳደግኩህ ከሆነ ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

ሁሉም ወደ ቢሮው በር ዞረ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውስጥ ጫማው ይታያል። ጫማው ተነሣ። አሰለፈች ነጠላዋን አስተካከለች፤ ልጇ ሊወጣላት ነዋ! አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች።

ጫማው እስከ በሩ መጣ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ፤ ከውስጥም ተቆለፈ።

አሰለፈች የመደብሩን ቁልፍ ከአንገቷ አውጥታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችና በርጩማዋን አንስታ ወጣች። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ስታልፍ «ደህና ይሁኑ» ያላት አንድም አልነበረም። ሁሉም አፉን ዘግቶ፣ ቀና ብሎ ካሜራውን ያይ ነበር።